እብቁ የሚያርፍበት ቤት

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሰማይ ሲያጉረመርም አልጋው ሥር የምገባ፣ ቢሮ ጠርተው ወንበር ቢሰጡኝ ጫፉ ላይ የምንጠለጠል፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳይ አፌ የሚደርቅ ሴት ነኝ። ባሌ "ጫጩት ስታስነጥስ የደነገጠ ሰው ካንቺ በቀር አላየሁም" እያለ በሰው ፊት ይስቅብኛል። የጫጩቷ ነገር እውነት ነው። ጫጩት እንደምታስነጥስ ግን ከዚያ በፊት ማን ነግሮኝ ያውቃል?

የተማርኩትም ብዙ አይደለም። ሦስተኛ ክፍል ላይ አቋረጥኩ። ይህንን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው፤ ፊደሉ ሲጣመምብኝ የመጨረሻዋ ልጄ ታቃናልኛለች። ነገሩም የእሷ ነው።

የመጨረሻዋ ልጄ ደረቷ ደካማ ነው። ሐኪሞቹ አስም ነው አሉን። ደኅና ስትሆን ከቤቱ ሁሉ እሷ ናት የምትሮጠው፣ የምትጮኸው፣ ከታላላቆቿ ጋር የምትሟገተው። ጭስ ወይም ብናኝ ሲያገኛት ግን ትንፋሿ ዱቄት እንደሚነፋበት ወንፊት ሲር ሲር ይላል፤ ከንፈሯ ይጠቁራል። ግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠለች ሰማያዊ መድኃኒት አለቻት፤ በአፏ ትስባታለች። እኔ ቤት ውስጥ የትም ብሆን፣ ዱቄት እየነፋሁም ቢሆን፣ አንድ ጆሮዬ እሷ ደረት ላይ ነው። ምጣዱን እንኳ ከቤት አስወጥተን ከጓሮ ጥግ ዳስ የሠራንለት ለእሷ ብለን ነው።

ቤታችን ደብረ ታቦር ከተማው አልቆ ማሳው የሚጀምርበት ላይ ነው። ከአጥራችን ጀርባ፣ ወደ ጉና ተራራ በኩል ትንሽ ከፍ ሲል፣ አንድ ሜዳ አለ። የስምንት ቤተሰብ አውድማ ነው። አያቶች ያንን ቦታ ለአውድማ የመረጡት ነፋስ ስለማይጠፋበት ነው። በጋ ሲገባ ረፋድ ላይ ከጉና በኩል ነፋሱ ይነሣል። ወንዶቹ የተወቃውን ስንዴ በላይዳ ወደ ላይ ይሰዱታል፤ ፍሬው ቁልቁል ይወርዳል፣ እብቁን ነፋሱ ይወስደዋል። የሚወስደው ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ አይደለም። ወደ እኔ ቤት ነው።

እንግዲህ እብቅ ለሌላው ሰው እብቅ ነው፤ ያራግፈዋል፣ ያልፋል። ልጄ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ግን እኛም አናውቅም፣ እሷም አታውቅም፤ ደጃፍ ተቀምጣ ስትጫወት እብቁ ወረደባት። ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኛች። እነዚያን ሁለት ቀናት አልጽፋቸውም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የመጀመሪያው ክምር ሊከፈት ነው ሲባል ልጄን ይዤ ገሳይ ወደምትኖረው እኅቴ እሄዳለሁ። እኅቴ መንገድ ዳር ሱቅ አላት፤ ከአውድማ የራቀ ቤት ነው። ሚኒባሱ ደጃፏ ሲያቆመን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጠብቀናለች።

"ስደተኞቹ መጡ?" ትላለች።

"መጣን" ትላለች ልጄ፤ እየዘለለች ትወርዳለች። ለእሷ ስደት ሳይሆን በዓል ነው። አክስቷ ብስኩት ትሰጣታለች።

ስድስት ዓመት እንዲህ ስሸሽ የነፋሱን መንገድ እንደ ቤቴ በር አወቅሁት። ክረምት ከጣና በኩል ይመጣል፣ ዝናብ ይዞ። መስከረም ካለፈ በኋላ ግን ይዞራል፤ ከጉና ይወርዳል። እስከ ሚያዝያ አካባቢ እንዲያ ነው። ጠዋት ስነሣ በመጀመሪያ የማየው የጎረቤቴ ጣራ ጭስ ወዴት እንደሚያዘነብል ነው። ሰው ሰማይ አይቶ ዝናብ እንደሚገምተው፣ እኔ ጭስ አይቼ የልጄን ቀን እገምታለሁ።

እንግዲህ አንድ ነሐሴ ላይ፣ ጭቃው ጉልበት በሚደርስበት ወቅት፣ ነጭ መኪና መጥታ አጥራችን ጥግ ቆመች። አንዲት ወጣት ሴት ወረደች። ቦት ጫማ አድርጋለች። አነጋገሯ የእኛ አገር አይደለም፤ ዜማው ይለያል፤ ግን ሰላምታዋ ረጅም ነበርና ወደድኳት። ኢንጂነር ናት አሉ። የከተማውን ቆሻሻ የሚያቃጥል ትልቅ ነገር ሊሠራ ነው፣ ቦታ እያየች ነው ተባለ። አውድማው ላይ ወጥታ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተከለች፤ ረጅም እንጨት ላይ ቀይ የጨርቅ ቁራጭ አሰረች። እኔ ከአጥሬ ሆኜ አያታለሁ። ጨርቁ ወደ ገደሉ በኩል ተዘርግቶ ይርገበገባል። እዚያ ሰው የለም፣ ጦጣና ቁጥቋጦ ነው። ልጅቱ ጨርቁን አየች፣ ጻፈች፣ ደስ አላት።

እኔ ማለት የነበረብኝ "ይህ የክረምት ነፋስ ነው" ነበር። አራት ቃል። አላልኩም። የተማረ ሰው ሲለካ ምን ብዬ ነው የምገባው? ቤት ገብቼ ድንች ቀቀልኩና በአዋዜ አቀረብኩላት። ስድስት በላች። "እንዲህ ያለ ድንች በልቼ አላውቅም" አለችኝ። ይህንኑ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ወሬው ተረስቶ ቆይቶ በኅዳር ተመለሰ። ማቃጠያው በእኛ አውድማ ላይ እንዲሠራ ታስቧል፣ ኅብረተሰቡ ቀበሌ አዳራሽ ይምጣና ይወያይ ተባለ። እውነቱን ለመናገር ቆሻሻው ይቃጠል ሲባል የተቆጣ ሰው አልነበረም። ከተማው በፌስታል ተሞልቷል። የእኛም ላም ፌስታል ውጣ ነው የሞተችው። ግን አውድማው ላይ ሲባል የነፋሱን መንገድ አሰብኩ። እብቅ በዓመት ሦስት ሳምንት ነው፤ እሸሸዋለሁ። በየቀኑ የሚጨስ ነገር ከአጥሬ ጀርባ ቢቆም ልጄን ይዤ ወዴት እሄዳለሁ? ዓመቱን በሙሉ እኅቴ ሱቅ ውስጥ አልኖር።

አዳራሹ ሞላ። ከማዘጋጃ ቤት የመጡት ኃላፊ ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ፣ ድካም የሚታይባቸው ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ጭሱ በረጅም ጭስ ማውጫ ወጥቶ ሰው ወደሌለበት ገደል ይሄዳል፣ ተለክቷል አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

"እናንተስ ባለፈው ሳምንት ኅዳርን ስታጥኑ ሰፈሩ በጭስ ታፍኖ አልዋለም? ማን ተቃወመ?"

ጎረቤቴ ተነሣች። ጎረቤቴ ድምፅዋ ከቤቷ ሆና ሁለት ሰፈር የሚሰማ፣ ምንም የማትፈራ ሴት ናት። እግዜር እኔን ሲፈጥር የተረፈውን ድፍረት ሁሉ ለእሷ የሰጣት ይመስለኛል።

"እኛ የምናጥነው በዓመት አንድ ቀን ነው፣ ጌታው። እናንተ በየቀኑ ልታጥኑን ነው። በሽታ ሆነን ነው?"

አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጩኸት ሆነ። አንዱ ስለ መሬቱ ጮኸ፣ አንዱ ስለ ሥራ ቅጥር፣ ሌላው ደግሞ ስለ ድሮ ነገር። የአውድማው ትልቅ ሰው የሆኑት ሽማግሌ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ተነሥተው ቆሙ፤ ማንም ስላልሰማቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ኢንጂነሯ ወረቀቷን ይዛ አንገቷን ደፍታለች። እኔም እጄን አነሣሁ። እስከ ጆሮዬ ደረሰ። ሰዎች ዞር ሲሉ ነጠላዬን አስተካከልኩበት። ከዚያ ወጣሁ።

ጎረቤቴ ከግድግዳው ሥር ተቀምጬ አገኘችኝ።

"አየሁሽ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"እጅሽን። ነጠላ ለማስተካከል ያን ያህል ወደ ላይ የሚነሣ እጅ አይቼ አላውቅም።"

"ጩኸት ሲሆን ጭንቅላቴ ባዶ ይሆናል።"

"ሰው ሁሉ የሚጮኸው ጭንቅላቱ ባዶ ስለሆነ ነው። አንቺ ብቻ ነሽ የምትወጪው" ብላ እጄን ይዛ አስነሣችኝ።

ስብሰባው ያለ ስምምነት ተበተነ። ሌላ ቀጠሮ ይያዛል ተባለ። በማግሥቱ ቦኖ ላይ ውሃ ለመቅዳት ተሰልፈን ሴቶቹ ይህንኑ ያነሣሉ። አንዷ መኪናው እንዳይገባ መንገዱን በድንጋይ እንዝጋ አለች። እኔ ድንጋይ ሲባል ያኔውኑ ፖሊስ፣ እስር፣ ልጆቼ ያለ እናት፣ ሁሉም ታየኝ። ፈራሁ። በፍርሃት ነው የተናገርኩት፣ ጥበብ ኖሮኝ አይደለም።

"ስብሰባው አውድማው ላይ ቢሆንስ?" አልኩ።

"ለምን?" አለች ጎረቤቴ።

"እዚያ አይጮኽማ።"

በእኛ ዘንድ አውድማ የተከበረ ነው። ምርት ሲወቃ ጫማ ተወልቆ ነው የሚገባው። እዚያ አይጣሉም፣ አይሳደቡም፣ ድምፅ ከፍ አያደርጉም፤ በረከቱ ይሸሻል ይባላል። ሁለት ዓመት ያልተነጋገሩ ሰዎች አውድማ ላይ ከተገናኙ ቀስ ብለው እንደምን ዋልክ ይባባላሉ። ለአውድማ የተጠራ ሰውም አይቀርም፣ ነውር ነው።

ጎረቤቴ እንስራዋን አስቀመጠች። "ይቺ ፈሪ" አለች ለሌሎቹ፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ፣ "ለካ ዝም ብላ ስትፈራ ስታስብ ነበር።"

ውሃዋን ሳትቀዳ ወደ አባባ ቤት ሄደች። አባባ ነገሩን ሲሰሙ ረጅም ሳቅ ሳቁ አሉ። "የእኔን ክምር ከገና በኋላ እከፍታለሁ። እንግዶቹን እኔ እጠራቸዋለሁ" አሉ። ሁለት ሽማግሌ ልከው ኃላፊውንና ኢንጂነሯን ለአውድማ ጠሩ። ኃላፊው ለካ የገጠር ልጅ ናቸው፤ "ለአውድማ ተጠርቶማ አይቀርም" ብለው ቀኑን ቆረጡ።

ቀኑ ሲደርስ ጭንቀቴ ሌላ ሆነ። እንደ ልማዴ ልጄን ይዤ መሄድ አለብኝ። ግን ከሄድኩ ያ ሁሉ የሚነገረው እኔ በሌለሁበት ነው። እኅቴ ስልክ ደውላ "እኔ መጥቼ እወስዳታለሁ፣ አንቺ ቅሪ" አለችኝ። በጠዋት መጣች። ልጄ በር ላይ ቆማ አኮረፈች።

"ለእኔ ስትሉ አይደል ስብሰባው? እኔ ሳልኖር ምኑን ታዩታላችሁ?"

"እብቁን እናያለን። አንቺ ብስኩት ትበያለሽ።"

"ሁለት ብስኩት" አለች።

"ሦስት" አለች እኅቴ፤ ነገሩ በዚህ አለቀ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ አፍንጫዋን መስተዋቱ ላይ ለጥፋ እየሳቀችብኝ ሄደች። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሬያት አልሄድኩም። ቤቱ ውስጥ ጆሮዬ የሚያዳምጠው ትንፋሽ ሲያጣ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ አልጋዋን ሁለት ጊዜ አነጠፍኩ።

ነጯ መኪና ረፋድ ላይ መጣች። ሹፌሩ ጥላ ፍለጋ አጥራችን ጥግ አቆማት፣ መስኮቶቹን ከፍቶ ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ ተኛ። እንግዶቹ ወደ አውድማው ወጡ። በሬዎቹ አበራይተው ጨርሰዋል፤ ጭዱ ተለይቶ ዳር ተቆልሏል፤ መሃል ላይ ስንዴና እብቅ የተቀላቀለ ትልቅ ክምር ነፋስ ይጠብቃል። ወንዶቹ ባዶ እግራቸውን ቆመዋል። እኛ ሴቶች እንደ ወጉ ዳር ነን፣ ምሳ ይዘን።

ኃላፊው ጫማቸውን ሲያወልቁ የአንዱ እግራቸው ካልሲ ተቀዶ አውራ ጣታቸው ብቅ አለ።

ጎረቤቴ ከዳር ሆና፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ "እንኳን ደኅና መጡ፣ ጌታው። ጣትዎም ለስብሰባ መጥቷል" አለቻቸው።

ኃላፊው ወደ ታች አዩ። መጀመሪያ ቀሉ፣ ቀጥለው ሳቁ። "እሱ ነው ተወካዬ" አሉ። ከዚያ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ያየኋቸው ሰው አልመሰሉኝም።

አባባ ጭድ ላይ አስቀመጧቸው። ኃላፊው ስለ ጭስ ማውጫው ማስረዳት ጀመሩ። ሲሞቃቸው ድምፃቸው እንደ ልማዳቸው ከፍ አለ። አባባ አንድ ጣታቸውን አነሡ።

"ቀስ፣ የኔ ጌታ። ምርቱ ይሰማል።"

ኃላፊው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ቀጥሎ የተናገረው ሰውም ዝቅ አደረገ። በአዳራሽ ሲጯጯሁ የነበሩት ሰዎች ሁሉ የታመመ ሰው የተኛበት ቤት እንደገቡ በሹክሹክታ ይከራከራሉ። እንዲህ ያለ ክርክር ዕድሜዬን ሙሉ አይቼ አላውቅም። ሁሉም ይሰማል። አንዱ "ይቅርታ፣ አልጨረስክም መሰለኝ" ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። አፌን በነጠላዬ ይዤ ሳቅሁ።

አንድ ነገር ግን ጎደለ። ነፋስ የለም። ኢንጂነሯ ያቺን ቀይ ጨርቅ ከእንጨቱ ጋር ይዛ መጥታ ነበር፤ ተከለቻት። ጨርቋ እንደ ረጠበ ፎጣ ቁልቁል ተንጠለጠለች። በስድስት ዓመት በዚህ ወር፣ በዚህ ሰዓት፣ ነፋስ ጠፍቶ አያውቅም። ዛሬ ልጄን ሰድጄ፣ ሹማምንት ተጠርተው፣ ነፋሱ ቀረ። ነፋስ ከሌለ እብቁ አይሄድም፤ እብቁ ካልሄደ ማን ያምነናል?

"እንግዲህ ነፋስ የለም" አሉ ኃላፊው፣ በሹክሹክታ።

"ይጠራል" አሉ አባባ።

ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው ማፏጨት ጀመሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም ፉጨት፣ ወደ ጉና በኩል። ወንዶቹ ሁሉ ተከተሉ። የእኛ አባቶች በአውድማ ላይ ነፋስ የሚጠሩት እንዲህ ነው። ኢንጂነሯ አባባን አይታ "እኔም ልጥራ?" አለች። "ጥሪ ልጄ፤ ካንቺም ሊሰማ ይችላል" አሏት። አፏጨች። እንዴት ያለ ፉጨት ነው፤ ከወንዶቹ ሁሉ በለጠች። ሴቶቹ ተያየን። ኃላፊው ሞከሩ፤ የፊት ጥርሳቸው ክፍተት ስላለው የወጣው አየር ብቻ ነው። "የእርስዎ ነፋሱ ራሱ ነው" አለቻቸው ጎረቤቴ። ከዚያ እኔ ሳላስበው ከንፈሬ ተሞጠሞጠ። ስድስት ዓመት ያንን ነፋስ ስሸሽ ኖሬ የዚያን ቀን ጠራሁት።

መጣ። መጀመሪያ ከላይ ያለው ባሕር ዛፍ ቅጠሉን ገለበጠ። ቀጥሎ የወንዶቹ ጋቢ ጫፍ ተነሣ። አባባ "በስመ አብ" ብለው በላይዳ ከክምሩ ዝቀው ወደ ላይ ሰደዱት። ስንዴው ወርቅ መስሎ ወረደ። እብቁ ግን ተንሳፈፈ፣ ተሰበሰበ፣ እንደ ደመና ሆነና ጉዞ ጀመረ። በአውድማው ጠርዝ አለፈ፣ በሴቶቹ ራስ ላይ አለፈ፣ አጥራችንን ተሻገረ፣ መስኮቶቿ የተከፈቱት ነጭ መኪና ላይ ወረደ።

ሹፌሩ እያሳለ በሩን ከፍቶ ወጣ። ቅንድቡ፣ ጢሙ፣ ጠጉሩ ሁሉ ነጥቷል። ወጣት ሆኖ ተኝቶ ሽማግሌ ሆኖ ተነሣ። አውድማ ላይ መጮኽ ነው እንጂ የተከለከለው ሳቅ አልተከለከለም፤ ሰዉ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ያልሳቀችው ኢንጂነሯ ብቻ ነበረች። ቀዩን ጨርቅ እያየች ነው። ጨርቁ ተወጥሮ ተዘርግቷል፤ ጫፉ የሚያመለክተው የእኔን ጣራ ነው። ጫማዋን አጠለቀችና እብቁን ተከትላ ወረደች። እኔም ተከተልኳት፤ ቤቴ ነውና።

"ይህ የማን ቤት ነው?"

"የእኔ ነው ልጄ። ድንች የበላሽበት።"

ገባች። መስኮቱ ዝግ ነበር፣ ግን በክፈፉ ስንጥቅ እየገባ ነው። ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አስኬደች፤ ጣቷ መስመር ሠራ። ጠዋት ሁለት ጊዜ ያነጠፍኩት አልጋ ላይ እብቁ ስስ ነጠላ መስሎ ተነጥፏል። ዓይኗ ወደ ግድግዳው ሄደ፣ ወደ ሰማያዊዋ መድኃኒት፤ ልጄ ይዛ የሄደችው ሌላዋን ነው።

"ይህስ?"

እንግዲህ ያኔ ነው የተናገርኩት። አፌን ማን እንደከፈተልኝ አላውቅም። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች የሆነውን፣ ሆስፒታሉን፣ ገሳይን፣ ብስኩቱን፣ የጎረቤቴን ጣራ ጭስ፣ የክረምቱን ነፋስና የበጋውን ነፋስ፣ ሁሉንም ዘከዘክኩላት። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እብቁ ላይ፣ ተቀምጣ ሰማችኝ።

"በነሐሴ ለምን አልነገሩኝም?" አለችኝ።

"አንቺ ትለኪ ነበር። የሚለካ ሰው ያውቃል ብዬ።"

"እኔ የለካሁት የዚያን ቀን ነፋስ ነው" አለች። ከአልጋው ተነሣችና "እርስዎ ስድስት ዓመት ለክተዋል። ይህንኑ እላይ ይንገሯቸው" አለችኝ።

"እዚያ? ወንዶቹ መሃል?"

"እዚያ አይጮኽም ብለው የጠሩን እርስዎ ነዎት አሉኝ።"

ማን እንደነገራት ግልጽ ነው። ድምፅዋ ሁለት ሰፈር የሚሰማ ሴት አለች።

ወጣሁ። አውድማው ጠርዝ ስደርስ እግሬ ቆመ። አባባ አዩኝና "ጫማሽን አውልቂና ግቢ፣ ልጄ። ዛሬ ፈቅጃለሁ" አሉ። ባዶ እግሬን ስንዴው ዳር ቆምኩ። ፍሬው ከፀሐዩ የተነሣ ሞቅ ብሎ ነበር። ማንም አልጮኸም፤ ስለዚህ ጭንቅላቴ ባዶ አልሆነም።

"ልጄ ደረቷን ያማታል" አልኩ። "ይህ እብቅ ሲመጣ ልጄን ይዤ እሸሻለሁ፤ ጭሳችሁም በዚሁ መንገድ ነው የሚመጣው። እብቁ ሦስት ሳምንት ነው፣ እሱን እችላለሁ። ዓመቱን ሙሉ ግን መሸሻ የለኝም።"

ይኸው ነው ያልኩት። ኃላፊው ማስታወሻቸውን አወጡ።

"ነፋሱ እንዲህ የሚሆነው ስንት ወር ነው፣ እመቤቴ?"

"ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አካባቢ።"

"ልጅሽ አሁን የት ናት?"

"ገሳይ። ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል።"

ጻፉ። ኢንጂነሯም "እኔ የመጣሁት በክረምት ነው፤ ስሕተቱ የእኔ ነው" አለች፣ በሰው ሁሉ ፊት። አባባ "በአውድማ ላይ የተነገረ እውነት አይጠፋም፤ ምሳ ይቅረብ" አሉ። ምሳ ቀረበ። ኢንጂነሯ ድንች ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። ነበረ።

ከፋሲካ በፊት እሷው ደብዳቤ ይዛ መጣች። ማኅተም ነበረበት፤ አፌ አልደረቀም። ማቃጠያው እዚህ አይሠራም፣ የትም ከመሠራቱ በፊት ነፋሱ ዓመት ሙሉ ይለካል፣ እስከዚያው ቆሻሻው ከየቤቱ እየተለየ ይሰበሰባል፤ ፌስታሉ ለብቻ፣ የሚበሰብሰው ለማዳበሪያ ይላል። ተሰብስቦ የሰማው ሰፈር ሁሉ ሲያጨበጭብ አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ።

"ገሳይ እንዳይወስዱት ብቻ" አልኩ።

ጎረቤቴ ሰማይ ሰማይ አየች። "ይቺ ሴት የእኛን ፍርሃት ጨረሰች፣ አሁን ደግሞ ለገሳይ ልትፈራ ነው።"

"ገሳይም መጀመሪያ ይለካል" አለች ኢንጂነሯ። እኔም አመንኳት፤ ምክንያቱም አሁን በምን እንደምትለካ ታውቃለች።

እብቁ ግን አልቀረም። ዘንድሮም ክምር ተከፈተ፣ ዘንድሮም ልጄን ይዤ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ እንደ ወትሮው ነጠላዬን አፍንጫዋ ላይ አደረግሁላት። ዳገቱን ጨርሰን አውድማው ከኋላችን ሲቀር ነጠላውን ገፈፈችና መስኮቱን ትንሽ ከፈተች። ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ አየር ገባ። ከንፈሯን አሞጠሞጠች፤ አፏጨች።

"ተይ" አልኳት፣ "ነፋስ ትጠሪያለሽ።"

"ይምጣ" አለች። "እኛ እኮ አሁን ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ነን።"

የሚኒባሱ ሹፌር ሳቀ። ደረቷን አዳመጥኩ። የወንፊት ድምፅ የለም፣ ፉጨት ብቻ። መስኮቱን አልዘጋሁትም።